የብስክሌቱ ሞተር አልነሳም ሲል፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ስለ ባለሞተር ብስክሌት የደረሱኝ ጥያቄዎች በዙ። ክረምቱ በመውጣቱ ይመስለኛል፤ በረንዳ ላይ የከረመው ሁሉ አሁን ነው የሚወጣው። አንደኛውን ጥያቄ ረዘም አድርጌ፣ ሌሎቹን አጠር አጠር አድርጌ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከሐዋሳ፣ ከአቶቴ ነው። ተራ ብስክሌት ላይ የሚገጠመውን ባለሁለት ምት ሞተር፣ ያንን 80 ሲሲ የሚሉትን፣ ያገለገለ ገዝቼ እኔው ነኝ የገጠምኩት። አምስት ወር ያለ ምንም ችግር ሠርቷል። ጠዋት ጠዋት ከአሞራ ገደል ዓሣ ወደ ምግብ ቤቶች አደርሳለሁ፣ ከሰዓት ደግሞ የተገኘውን ዕቃ አመላልሳለሁ። ክረምት ላይ አሞኝ ቤተሰብ ጋ ሄድኩ። ብስክሌቱ ሁለት ወር ተኩል በረንዳ ላይ በላስቲክ ተሸፍኖ ቆመ። ስመለስ አልነሳም አለ።

ፔዳል መትቼ ፍጥነት ይዤ ፍሪሲዮኑን ስለቀው የኋላ ጎማው ክብድ ይላል፣ ሞተሩም ይዞራል፣ ግን አንዴም አይተኩስም። ካንዴላውን፣ ያንን እሳት የሚጭረውን፣ ፈትቼ አየሁት፣ ረጥቧል፣ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። አዲስ ካንዴላ ገዝቼ አሰርኩ፣ ያው ነው። አንዱ መካኒክ «ሲዲአዩ ተቃጥሏል፣ ቀይር» አለኝ፤ ያችን ለካንዴላው እሳት የምትልከውን ሣጥን ማለቱ ነው። ሌላው «ፋሻው አልቋል፣ ሞተሩ ይውረድ» አለኝ፤ የፒስተኑን ቀለበት ማለቱ ነው። ሁለቱንም የማደርግበት ገንዘብ የለኝም፣ ሥራም ከቆመ ሦስት ሳምንት ሊሞላ ነው። የቱን ልመን?

መልስ፦

ልጄ፣ እንኳን ለጤናህ አበቃህ። አሁን ምንም ዕቃ አትግዛ፣ ሞተሩም አይውረድ። ሁለቱም ሰዎች ሳይለኩ ነው የፈረዱት። እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ ነገር ይሄ ነው። ልጆች ዓሣና ዕቃ አመላልሰው ያጠራቀሟትን ብር ማንም ባልመረመረው ነገር ላይ ያፈሷታል። ሲዲአይ ይቀየራል፣ አይነሳም። ካርቡሬተር ይቀየራል፣ አይነሳም። መጨረሻ ላይ አንዲት ሽቦ ተልጣ ብረት ነክታ ትገኛለች።

ያንተ ሞተር ባትሪ የለውም፣ ቫልቭ የለውም፣ ኮምፒውተር የለውም። 80 ሲሲ ይባል እንጂ የብዙዎቹ የሲሊንደር ስፋት 47 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምት 38 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሲሰላ 66 ሲሲ ነው የሚመጣው። ትንሽና ቀላል ሞተር ነው። ለመነሳት የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው። ቤንዚንና አየር ተቀላቅሎ መግባት አለበት። የገባው መታመቅ አለበት። ከዚያ በሰዓቱ እሳት ማግኘት አለበት። ከሦስቱ የጎደለው የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ ዕቃ መቀየር ገንዘብ መበተን ነው።

አሁን የራስህን ደብዳቤ መልሰህ አንብበው፣ ግማሹ መልስ እዚያ ውስጥ አለ። ካንዴላው ረጥቧል ብለሃል። እንግዲያው ቤንዚን ደርሷል፣ እንዲያውም በዝቷል። ፍሪሲዮኑን ስትለቅ ጎማው ይከብዳል ብለሃል። እንግዲያው ፒስተኑ እያመቀ ነው። ፋሻው ያለቀ ሞተር እንደዚያ አይዝም፣ ፔዳሉ ላላ ብሎ ይዞርልሃል። ደግሞ አምስት ወር ደህና የሠራ ፋሻ በረንዳ ላይ ቆሞ ሊዝግ ይችል ይሆናል እንጂ እንዴት ያልቃል? ማረጋገጥ ከፈለግክ ካንዴላውን ፈትተህ ቀዳዳውን በአውራ ጣትህ ጥብቅ አድርገህ ያዝና ጓደኛህ ፔዳሉን ያዙርልህ። ጣትህን ገፍቶ «ጵስ» እያለ ካስለቀቀህ የፋሻውን ወሬ እርሳው።

የቀረችው እሳቷ ናት። ስልክህን ስለተውክልኝ ደውዬ ሁለት ነገር ጠይቄህ ነበር፤ ለሌላውም አንባቢ ስለሚጠቅም እዚህ ላንሳው። ካንዴላው እሳት ሲተፋ በዓይንህ አይተሃል ወይ ስልህ አላየሁም አልከኝ። የማጥፊያዋ ቁልፍ ሽቦ የት ጋ እንደታሰረ ስጠይቅህም አላስታውስም አልከኝ። መካኒኮቹም ሁለቱን አላዩም። እኔ ብሆን ከዚሁ ነው የምጀምረው።

እሳቱን ለማየት ማታ ይሻላል፣ ፀሐይ በሐይቁ በኩል ገብታ ደንገዝ ሲል። በጠራራ ፀሐይ ጥሩውንም እሳት የለም ትላለህ። ሲጋራ፣ ከሰል፣ ሻማ አጠገብህ አይኑር፣ ምክንያቱም የረጠበ ሞተር ነው የያዝከው። መጀመሪያ የታንከሩን መክፈቻ ዝጋ። ከሞተሩ ወደ ሲዲአዩ የምትሄደውን ሰማያዊ ሽቦ ለጊዜው ንቀላት። ካንዴላውን በ21 ቁልፍ ፍታ። የኋላ ጎማውን ከመሬት አንስተህ፣ ፍሪሲዮኑን ሳትይዝ፣ ጋዙን ጥርግ አድርገህ ከፍተህ ፔዳሉን በእጅህ አሥራ አምስት ጊዜ ያህል አዙር። ውስጥ የተጠራቀመው ቤንዚን በዚያ ቀዳዳ ይወጣል። ከዚያ ጠራርገህ ትንሽ ጠብቅ፣ ይድረቅ፣ ሽታው ይጥፋ።

ቀጥሎ ሰማያዊዋን ሽቦ መልሳት። ካንዴላውን ከካፑ ጋር አገናኝተህ፣ የካንዴላው ብረት ከሞተሩ ብረት ጋር እንዲነካካ አድርገህ አስደግፈው፣ ከቀዳዳው ግን ራቅ ይበል። በእጅህ አትያዘው፤ ይመታሃል፣ የሲዲአይ ምት ቀላል አይደለም። ብረት ሳይነካ ተንጠልጥሎም አይዙር፣ እሳቱ መውጫ ሲያጣ ራሱን ሲዲአዩን ሊያበላሸው ይችላል። አሁን ፔዳሉን ፈጠን አድርገህ አዙር። ሰማያዊ፣ ጠንከር ያለ፣ «ጣ ጣ ጣ» የሚል እሳት ካየህ እሳት አለህ። ቀላ ብሎ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ደካማ ነው። ምንም ከሌለ ደግሞ ወደ ማጥፊያዋ እንሄዳለን።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የዚህን ሞተር ማጥፊያ ብዙ ሰው እንደ ቤት መብራት ማብሪያ አድርጎ ነው የሚያስባት፣ ስትጫናት ኃይል የምትቆርጥ ይመስለዋል። ነገሩ ተቃራኒው ነው። ስትጫናት ሁለት ሽቦ ታገናኛለች፣ ከኮይሉ፣ ማለትም ሞተሩ ውስጥ ኤሌክትሪክ ከሚያመነጨው ጥቅል ሽቦ፣ የሚመጣው ኃይል ወደ ሲዲአዩ በመሄድ ፈንታ ወደ ማሳ፣ ማለትም ወደ ሞተሩ ብረት፣ ይፈሳል፣ ሞተሩም ይጠፋል። ስለዚህ ሽቦዋ መሪው ሲዞር ሲዞር ተልጦ ብረት ከነካ፣ ወይም ቁልፏ ውስጥ እርጥበት ገብቶ ሁለቱን ጫፍ ካገናኘ፣ አንተ ባትነካትም እሷ ሁልጊዜ እንደተጫነች ናት። አዲስ ካንዴላ፣ አዲስ ሲዲአይ፣ አዲስ ካርቡሬተር ብትገጥምም አይነሳም።

አንተ ደግሞ በላስቲክ ሸፍነህ ሁለት ወር ተኩል ትተኸዋል። ላስቲክ ዝናቡን ይከለክላል፣ ላቡን ግን ውስጥ ያስቀረዋል። ክረምት ላይ፣ ሐይቅ አጠገብ፣ ፀሐይ ወጣ ገባ ስትል በላስቲክ የተሸፈነ ብረት ከሥር ውሃ ነው የሚያንጠባጥበው። ቢቻል ጣሪያ ሥር አየር እንዲያገኝ ማቆም፣ ካልሆነም በጨርቅ ወይም በጆንያ መሸፈን ይሻላል።

ፍተሻው ምንም አያስወጣህም። ከሞተሩ የሚወጡትን ሽቦዎች ተመልከት። ሰማያዊው ወደ ሲዲአዩ ሰማያዊ፣ ጥቁሩ ወደ ሲዲአዩ ጥቁር መሄድ አለበት። ብዙዎቹ ላይ ሦስተኛ ነጭ ሽቦም አለ፣ ለትንሽ መብራት የታሰበ ነው፤ የማትጠቀምበት ከሆነ ጫፉን በናስትሮ ጠቅልለህ ተወው፣ ብረት እንዳይነካ። ከመሪው የሚመጡትን የማጥፊያዋን ሁለት ሽቦዎች ግን ሁለቱንም ንቀላቸው፣ ጫፋቸውን ለየብቻ በናስትሮ ጠቅልል። አሁን እሳቱን እንደገና ሞክር። ከመጣ ጥፋተኛዋ ተገኘች። ሽቦዋን ከመሪው ጀምረህ በጣትህ እየዳሰስክ ውረድ፣ የተላጠችበትን ታገኘዋለህ። ቁልፏ ረጥባ ከሆነም ፈትተህ አድርቃት፣ ካልሆነ ሌላ ግዛ፤ ከሁሉ ርካሿ ዕቃ እሷ ናት። ያለ ማጥፊያ ግን ለሥራ እንዳትወጣ። ከፊትህ ባጃጅ ድንገት ሲቆም፣ ወይም የጋዙ ገመድ ተይዞ አልመለስ ሲል፣ በአንድ ጣት ሞተሩን ማጥፋት መቻል አለብህ። ለሙከራ ያህል ከተነሳልህ ቾኩን፣ የካርቡሬተሩን የአየር መዝጊያ፣ ዘግተህ ታጠፋዋለህ።

ማጥፊያዋ ተነቅላም እሳት ከሌለ የካንዴላውን ካፕ እየው። ወፍራሙ ሽቦ ላይ እየዞረ የሚገባ ነው፣ ብዙ ጊዜ ጫፉ ዝጎ ወይም ላልቶ ይገኛል። ዞር አድርገህ አውጣው፣ ሽቦውን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጠህ ንጹሕ ጫፍ አብጅለት፣ መልሰህ አጥብቀህ አስገባው። የሰማያዊና የጥቁር ሽቦ መገናኛዎችንም አትዝለላቸው። አረንጓዴ ዝገት ካየህ በካርታ ቬትሮ ጠርገህ አገናኝ። ከኪቱ ጋር የሚመጡት መሰኪያዎች ቀጫጭን ናቸው፣ ትንሽ ሲንቀጠቀጡ ይላላሉ።

ይህም ካልሠራ ቴስተር ያስፈልግሃል። የለህም፣ ግን ሬዲዮና ሞባይል የሚጠግን ሁሉ አለው፣ ለአምስት ደቂቃ የሚከለክልህ የለም። ሰማያዊና ጥቁሩን ከሲዲአዩ ነቅለህ፣ ቴስተሩን ኦም ላይ አድርገህ በሁለቱ መካከል ለካ። ደህና ኮይል ከ300 እስከ 400 ኦም አካባቢ ያሳያል። ምንም ካላነበበ ውስጡ ተቆርጧል፤ ዜሮ አካባቢ ከሆነም እርስ በርሱ ተነካክቷል። ያኔ የኮይሉን ክዳን ከፍተህ እየው፤ ውሃ ገብቶበት ማግኔቱ ዝጎ ከሆነ በስሱ ጥረገው፣ ሽቦው ሲወጣ ያለውን ቀዳዳ ደግሞ በሲሊኮን ድፈነው። ውሃ የሚገባው ብዙውን ጊዜ በዚያ ነው። ብስክሌትህን በጎማ ውሃ የምታጥብ ከሆነ ወደዚያ ክዳን ቀጥ አድርገህ አትልቀቅበት።

ሲዲአዩ የመጨረሻው ተጠርጣሪ ነው። እሱን ቤት ውስጥ በቴስተር ለክቶ «ሞቷል» ማለት አስተማማኝ አይደለም። ጥሩው መፍትሔ ተመሳሳይ ሞተር ያለው ጓደኛ ፈልጎ የእሱን ለአሥር ደቂቃ መዋስ ነው። ሐዋሳ የብስክሌት ከተማ ናት፣ አንድ ሰው አታጣም። በተዋስከው እሳት ከመጣ ያን ጊዜ ሂድና ግዛ፤ የመጀመሪያው ሰው ልክ ነበር ማለት ነው።

እሳቱ ከተገኘ በኋላም አንድ ሥራ አለ። ታንከሩ ውስጥ ያለው ቤንዚን ሁለት ወር ተኩል የከረመ ነው። ቶሎ የሚቀጣጠለው ክፍሉ ተንኖ፣ ቀሪው ከዘይቱ ጋር ካርቡሬተሩ ውስጥ እንደ ሙጫ እየሆነ ይሄዳል። ድፋው፣ ብዙ አይደለም፣ ግን ቦይ ውስጥ አይሁን። ካርቡሬተሩ ሥር ያለችውን ትንሽ ጎድጓዳ ፈትተህ እጠባት። መሐል ላይ ያለችውን ቀጭን ቀዳዳ፣ ጂግለሩን፣ በአፍህ ሳይሆን በጎማ መንፊያ ንፋባት፤ ከተደፈነች በቀጭን የመዳብ ክር አስወጣ፣ የብረት ሽቦ ቀዳዳዋን ያሰፋታል። ስትመልስ ደግሞ ከላይ በጋዙ ገመድ የምትንጠለጠለዋ ቡሽ መሳይ ብረት በትክክል መግባቷን አረጋግጥ፤ ሰያፍ የተቆረጠው ጎኗ ወደ ፊልትሮው፣ ወደ አየር ማጣሪያው፣ መዞር አለበት። ብዙ ሰው አገላብጦ ያስገባትና ሞተሩ እንደተነሳ እየጮኸ በሙሉ ጋዝ ይሄዳል።

አዲስ ቤንዚን ስትገዛ ከማደያ ይሁን። ሰልፉን አውቃለሁ፣ ችግሩን አውቃለሁ፣ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ መግዛት የሚያስገድድበት ቀን አለ። ቢያንስ ዘይት ሳትቀላቅል በፊት ፈትነው። በንጹሕ ብርጭቆ ቅዳና ሩብ ሰዓት አስቀምጠው። ውሃ ካለበት ከሥር ተለይቶ ይቀመጣል። ነጭ ወረቀት ላይ ሁለት ጠብታ ጣልበት፤ ደህና ቤንዚን በደቂቃዎች ውስጥ ተንኖ ይጠፋል፣ ላምባ የተቀላቀለበት ግን ቅባታማ ምልክት ይተዋል። ላምባ የበዛበት ቤንዚን ቀዝቃዛ ሞተር አያስነሳም፣ ካንዴላውን ያረጥብና ቁጭ ይላል።

አሁን አስነሳው። ካንዴላው ደርቆ፣ ጥርሱ ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይዞ ይታሰር። መክፈቻውን ክፈት። ካርቡሬተሩ ጎን ያለችውን ትንሽ መጫኛ ሁለቴ ብቻ ተጫን፤ አንተ በስልክ እንደነገርከኝ አሥሬ አትጫን፣ ካንዴላው የሚረጥበው ለዚያም ነው። ቾኩን ዝጋ፣ ፍሪሲዮኑን ይዘህ ፔዳል ምታ፣ ሮጥ ሮጥ ማለት ሲጀምር ፍሪሲዮኑን ልቀቅና ጋዙን በስሱ ስጥ። ከተነሳ በኋላ ቾኩን ቀስ እያልክ ክፈተው። ሦስት ሙከራ ካልሠራ አራተኛውን አትሞክር። ካንዴላውን ፍታ፣ እንደገና አናፍስ፣ አድርቅ፣ ያለ ቾክ ሞክር።

እሳቱ ጥሩ፣ ቤንዚኑ አዲስ፣ ማመቁ ደህና ሆኖ አሁንም ካልተነሳ፣ ወይም «ጧ» ብሎ ወደ ኋላ ከመታ፣ የማግኔቱ ቁልፍ ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ማግኔቱን ከዘንጉ ጋር የምታስተካክል ግማሽ ጨረቃ የመሰለች ትንሽ ብረት ናት። እሷ ከተበላች እሳቱ አለ፣ ሰዓቱ ግን ተዛብቷል። ይህችን ግን መሳሪያው ላለው ሰው ስጥ፣ ማግኔቱን በመዶሻ የሚያወጣ ሰው ዘንጉን ያጣምምብሃል።

ከተነሳልህ በኋላ ሲያስነጥስና ጭስ ሲያበዛ ካየኸው ደግሞ ይህችን ያዝ። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1700 ሜትር ግድም ላይ ናት። አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ለመድረስ ትንሽ የቀረው ያህል ሳሳ ይላል። እነዚህ ካርቡሬተሮች ለዚህ ከፍታ ተስተካክለው አይመጡም፣ ስለዚህ ቤንዚን ያበዛሉ። ከቡሽዋ ውስጥ የምትወጣው መርፌ ላይ የተሰካችውን ክሊፕ አንድ እርከን ወደ ላይ ብትወስዳት መርፌዋ ዝቅ ትላለች፣ ቤንዚኑም ይቀንሳል። የካንዴላው ጥርስ ከጥቁር ወደ ቡና ዓይነት ከተለወጠ ልኩን አግኝተሃል።

ጥያቄ፦

እኔ አዳማ ነኝ። የእኔ ብስክሌት ጠዋት በአንድ ምት ይነሳል። ሩብ ሰዓት ከሄደ በኋላ ግን ይጠፋና እስኪቀዘቅዝ አይነሳም። ይሄ ከምን ሊሆን ይችላል?

መልስ፦

ወንድሜ፣ አጠፋፉን ብትነግረኝ ኖሮ መልሱ አንድ መስመር ነበር። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ሲጠፋ ልብ ብለህ አድምጠው። ጉልበቱ ቀስ በቀስ እየደከመ፣ እየተንገዳገደ ከጠፋ ቤንዚን አልደረሰውም። ያኔ ወዲያው የታንከሩን ክዳን ክፈት። አየር ሲስብ «ፍስ» ካለና ከዚያ በኋላ ከተነሳ፣ ክዳኑ ላይ ያለችው የአየር ቀዳዳ ተደፍናለች። አዳማ ነፋሷና አቧራዋ የታወቀ ነው፣ ቀዳዳዋ በዘይትና በአፈር ትደፈናለች። በመርፌ ክፈታት፣ በቃ። እዚያው እያለህ መክፈቻው ውስጥ ያለችውን ወንፊትና ፊልትሮውንም እጠብ። የፊልትሮውን ስፖንጅ በሳሙና እጠበው፣ አድርቀው፣ ሁለት ጠብታ ዘይት አሸው፤ አቧራው እዚያው ይያዝ።

መብራት እንደጠፋ ድንገት ድርግም ካለ ግን እሳቱ ነው የጠፋው። ኮይል ሲሞቅ ውስጡ የሚላቀቅ አለ፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ልክ እንደጠፋ፣ ሳይቀዘቅዝ፣ ሰማያዊና ጥቁሩን በቴስተር ለካ። ቀዝቅዞ ደህና የሚያነብ፣ ሞቆ ምንም የማያነብ ከሆነ ኮይሉ ይቀየር።

ሦስተኛም አለ። ከመጥፋቱ በፊት ጋዝ ሳትሰጠው ራሱ ከጮኸ፣ አየር እየሳበ ነው። ካርቡሬተሩ ከሞተሩ የሚገናኝበትን ጓርኒሲዮን፣ መሐል የሚገባውን ማሸጊያ፣ እና ማጥበቂያውን እየው። ሞተሩ እየሠራ መገጣጠሚያው ላይ የሳሙና ውሃ ጠብ አድርግ፤ ድምፁ ከተለወጠ ቀዳዳው እዚያ ነው። ይሄኛውን ነገ ዛሬ አትበል። አየር የሚስብ ሞተር ይግላል፣ የጋለ ፒስተን ደግሞ ሲሊንደሩን ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ ጥገናው አዲስ ሞተር ከመግዛት አይተናነስም።

ጥያቄ፦

ወንድሜ፣ እኔ የሐዋሳ ነዋሪ፣ የልጅ እናት ነኝ። ልጄ ይህን ባለሞተር ብስክሌት ይነዳል። ጭሱ ጎረቤቱን አስቸገረ። ዘይቱን ቀንስ እለዋለሁ፣ ሞተሩ ይቃጠላል ይለኛል። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦

እህቴ፣ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። የሚለካ ሰው ነው የጠፋው። ልጅዎ ዘይቱን በዓይኑ ገምቶ የሚጨምር ከሆነ አንድ ቀን ይበዛል፣ አንድ ቀን ያንሳል። ሲበዛ ጭስ ነው፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጠዋት አልነሳም ይላል። ሲያንስ ደግሞ እንዳለው ሞተሩ ይነክሳል፤ ይሄ ሞተር ከቤንዚኑ ጋር ከሚገባው ዘይት ሌላ የፒስተን ማለስለሻ የለውም።

አዲስ ሞተር መጀመሪያ ላይ አንድ እጅ ዘይት ለ16 እጅ ቤንዚን ይሰጠዋል፤ ለ1 ሊትር 60 ሚሊ ሊትር ያህል ማለት ነው። ጥቂት ታንከር ከሠራ በኋላ ለ1 ሊትር ወደ 40 ሚሊ ሊትር ይወርዳል። ከፋርማሲ የ20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ይግዙለት፣ ሁለት ሙሉ ሲሪንጅ ለአንድ ሊትር። ዘይቱ ለባለሁለት ምት ሞተር የተሠራው ይሁን፣ ጣሳው ላይ «2ቲ» የሚል አለ። የመኪና ሞተር ዘይት፣ ከዚያም ብሶ የተቃጠለ ዘይት፣ አይሆንም። ታንከሩ ውስጥ ሳይሆን ውጪ በጄሪካን ተናውጦ ተቀላቅሎ ይግባ። አንድ ነገር ደግሞ ልለምንዎት። ይህ ፍጥነት የተራ ብስክሌት ፍሬን የታሰበለት አይደለም። የፊትና የኋላ ፍሬኑን ጫማና ገመድ በየሳምንቱ እንዲያይ ይንገሩት፣ ሄልሜትም ያድርግ።

ጥያቄ፦

ጋሼ፣ ሞተሩ በፔዳል እምቢ ሲለኝ ጓደኛዬ በባጃጅ በገመድ ጎትቶ ያስነሳልኛል። ሞተሩን ይጎዳዋል?

መልስ፦

ሞተሩን ተወው፣ አንተን ይጎዳሃል! ፍሪሲዮኑን በለቀቅክ ቅጽበት የኋላ ጎማህ ሊያዝ ይችላል፣ ባጃጁ ግን መሄዱን አያቆምም። ገመዱ መሪህን ይዞ አስፋልት ላይ ይጥልሃል። እባክህ ይህን ዛሬውኑ ተው። መግፋት ካስፈለገ ሜዳ ቦታ ላይ፣ መኪና በሌለበት፣ ጓደኛህ ከኋላ ኮርቻውን ይዞ በእጁ ይግፋህ። ሃያ ሜትር ውስጥ ካልተነሳ ውረድ፣ ካንዴላውን ፍታና ደርቆ እንደሆነ ወይም ረጥቦ እንደሆነ እይ። ከደረቀ የታንከሩን መክፈቻና ቱቦውን ተመልከት። ከረጠበ ከላይ ለአቶቴው ልጅ የጻፍኩትን ከማጥፊያዋ ጀምረህ ሥራ።